ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊት፦ ከአራዳ እስከ አምስት ኪሎ የተሐድሶ ሐሳብ ጉዞ

በአሜሪካ ታሪክ ኢንዱስትሪ፣ ማለትም ዕቃን በአንድ ጣራ ሥር በተሰበሰቡ ደመወዝተኞች ጉልበትና በማሽን ኃይል በብዛት የማምረት ሥራ፣ አስቀድሞ መጣ፤ ማኅበራዊ ተሐድሶ፣ ማለትም የሠራተኛውን፣ የሕፃኑንና የድኻውን ኑሮ በሕግና በተቋም ለማሻሻል የሚደረገው ጥረት፣ ጉዳቱ በዐይን ከታየ በኋላ ዘግይቶ ተከተለው። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። በአዲስ አበባ እንብርት፣ ከአራዳ ገበያ አንሥቶ በአራት ኪሎና በአምስት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ በሚዘልቀው አቀበት ግራና ቀኝ፣ ስለ ሥራ ክብር፣ ስለ ግብር ፍትሕ፣ ስለ ባርነት መወገድና ስለ አገር ሀብት የሚመክረው ሐሳብ በአዋጅ ተነግሮ፣ በትምህርት ቤት ተዘርቶና በማተሚያ ቤት ታትሞ ሳለ፣ ሐሳቡ በቅርብ የሚመለከተው የፋብሪካ ሠራተኛ ገና በአገሩ አልነበረም ማለት ይቻላል። የተሐድሶ ሕጎች በኢትዮጵያ ደጋግመው መታወጅ ለምን እንዳስፈለጋቸው፣ የሠራተኛ መብትም ለምን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሥጋ እንደለበሰ የሚያስረዳው ከሁሉ ይልቅ ይህ የቅደም ተከተል ልዩነት ነው።

የአሜሪካው መንገድ በአጭሩ ሲታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ሳሙኤል ስሌተር በሮድ አይላንድ ግዛት በፓታኬት ከተማ በውኃ ኃይል የሚሠራ የጥጥ መፍተያ ሲያቋቁም፣ ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በሎወል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከገበሬ ቤት የመጡ ወጣት ሴቶች ከንጋት እስከ ምሽት ሲሠሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1834 ደመወዛቸው ሊቀነስ መሆኑን ሲሰሙ ሥራ አቁመው ወደ አደባባይ ወጡ። ምዕተ ዓመቱ ሲያልቅ አገሪቱ በብረት፣ በነዳጅና በባቡር ሐዲድ ከዓለም ቀዳሚዎች ተርታ ተሰልፋ ሳለ፣ ሠራተኛው የሚያድርበት ሠፈርና የሚሠራበት አዳራሽ ግን የበሽታና የአደጋ ቦታ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ በትራያንግል የልብስ ስፌት ድርጅት በተነሣው ቃጠሎ፣ መውጫ በር ተቆልፎባቸው ከነበሩት መካከል የሚገኙ 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ከአውሮፓ የፈለሱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ያን ቃጠሎ ቆመው ያዩት ፍራንሲስ ፐርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1933 የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑና፣ የሕፃናትን ሥራ የሚገድበው፣ ዝቅተኛ ደመወዝን በሰዓት 25 ሳንቲም አድርጎ የወሰነው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1938 እስኪወጣ ድረስ ሠሩለት። ከስሌተር መፍተያ እስከዚህ ሕግ 148 ዓመት አልፏል።

አራዳ ግን በፋብሪካ አልተመሠረተችም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው ታላቁ ገበያ፣ በኋላም ጣሊያኖች ፒያሳ ያሉት ሠፈር፣ የነጋዴና የእጅ ባለሙያ ቦታ ነበር። እህሉ፣ ቅቤው፣ ቡናውና አሞሌው በአጋሰስና በግመል እየተጫነ ይመጣል፤ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎች ሱቆች በዙሪያው ተከፈቱ፤ በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራ ጀመረ፤ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴልም በዚያው ዘመን ለእንግዳ ተከፈተ። ንግዱ እንዲህ ሲደራ፣ ዕቃውን በእጁ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ ግን የተናቀ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውና አንጥረኛው በሙያቸው ስም ይሰደባሉ፤ ብረት የሚቀጠቅጠውማ ቡዳ ነው እየተባለ ይፈራል፣ ከርስትም ከጋብቻም ይገለላል። ሕዝቡ ያለ ማረሻና ያለ ጋቢ መኖር የማይችል ሆኖ ሳለ፣ ማረሻውን የሚሠራውንና ጋቢውን የሚሸምነውን አዋርዶ ይኖር ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት አዋጅ ትልቅ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ዳራ ሲታይ ነው። አዋጁ ሠራተኛን በሙያው ስም መስደብን ከለከለ፤ ተሳዳቢው እንደሚቀጣም አስጠነቀቀ፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ በሌሎች አገሮች ሰው አዲስ ነገር እየሠራ ሲከበር በዚህ አገር ግን ሠሪው ስለሚናቅ ሙያው እንደሚጠፋና አገሪቱ ባዶ እንደምትቀር አመለከተ። ይህ አዋጅ በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም። የኢንዱስትሪን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ፋብሪካ ወይም ከመጀመሪያው ባቡር ይነሣሉ፤ ነገር ግን የማሽን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የእጅ ሥራ ከውርደት መውጣት እንደሚያስፈልገው የተገነዘበና ያንንም በሕግ ቃል የተናገረ መንግሥት፣ አንድ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ሳያቆም ከተሐድሶው ሥራ ከባዱን ጀምሯል። አዋጁ ንቀቱን ወዲያው አላጠፋውም፤ በአንዳንድ የገጠር አካባቢ እስከ ዛሬ ርዝራዡ ይታያል። ተሰዳቢው ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ አዋጁን ይዞ የሚቆምበት ማኅበር፣ የሚናገርበት ጋዜጣ፣ ሙግቱን የሚያይለት ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት አልነበረውምና፣ ቃሉ ከንጉሡ አንደበት ወጥቶ በባለሙያው እጅ ሳይገባ ቀረ።

በዚሁ ዘመን ከገበያው ወደ ምሥራቅ፣ በአራት ኪሎ አካባቢ፣ የተሐድሶው ሌላ ክንፍ ተተከለ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባቶች ከአውሮፓ መምህራን ጋር የሌላ ሃይማኖት ትምህርት እንዳይገባ ስለ ሠጉ፣ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ሆኑ። የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የተሰየመው ጋዜጣም በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ከስድስት ኪሎ በላይ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም የመጀመሪያው የበላይ ኃላፊ ሆነው አገለገሉ። ግቢው ዛሬ እንጦጦ በሚል ስም የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በአዋጅ ያከበሩት የእጅ ሥራ በመጨረሻ መደበኛ ትምህርት ሆኖ የሚሰጥበት ቦታ ማለት ነው።

የእነዚህ ተቋማት ሁሉ አእምሮ ተደርጎ ሊቆጠር የሚገባው ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ገብረ ሕይወት በአድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ በቀይ ባሕር በኩል በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በኦስትሪያና በጀርመን የተማረ፣ ወደ አገሩም ተመልሶ በቤተ መንግሥትና በጉምሩክ ሥራ ያገለገለ ሰው ነበር። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት ስለ ሆነ፣ የአገሪቱ ሀብት ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ በየቀኑ በመዝገብ የሚያይ ሰው ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሥመራ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፉ የንጉሡ የግል ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በታወቀ ልክና በገንዘብ እንዲከፈል፣ የጉምሩክ ሥርዐት አንድ ወጥ እንዲሆን፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ የሕግ መጽሐፍ እንዲዘጋጅና የሃይማኖት ነፃነት እንዲጠበቅ የሚጠይቅ የተሐድሶ ዝርዝር ይዟል።

ከሁሉ የላቀው ሥራው ግን በ1911 ዓ.ም. በወጣትነቱ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። መጽሐፉ የምጣኔ ሀብት፣ ማለትም ሀብት እንዴት እንደሚፈጠር፣ እንዴት እንደሚለዋወጥና እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያጠና የዕውቀት ዘርፍ፣ በአማርኛ ሲጻፍ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራም ፍሬያማ የሚሆነው በዕውቀትና በመሣሪያ ሲታገዝ እንደ ሆነ ያብራራል፤ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ የሥራ ቀን ሰጥቶ ጥቂት የሥራ ቀን እንደሚቀበልና በዚህ ልውውጥ ዕለት ዕለት እየደኸየ እንደሚሄድ ያሳያል። የባቡር ሐዲድም ቢሆን ዕውቀት ለሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ፈጥኖ የሚያወጣና የውጭ ዕቃ ፈጥኖ የሚያስገባ መንገድ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. መሆኑ ሲታሰብ፣ ሕዝቡ በእልልታ በተቀበለው ነገር ውስጥ ይህን ስውር ጉዳት አስቀድሞ ማየት ምን ያህል ብርቱ አእምሮ እንደሚጠይቅ ይታያል። የዓለም ምሁራን ያልተመጣጠነ ልውውጥ እያሉ በሰፊው የተወያዩበት ጉዳይ ገብረ ሕይወት ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣ ነው።

ገብረ ሕይወት ኢንዱስትሪንና ማኅበራዊ ተሐድሶን አለመነጣጠሉ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። ገበሬው ምርቱን ለባለ ጉልቱ፣ ለወታደሩና ለሹሙ እየገበረ የነገውን የማያውቅ ከሆነ፣ ለተሻለ መሣሪያ የሚያስቀምጠው ጥሪት አይኖረውም፤ ጥሪት የሌለው ገበሬ የአገር ውስጥ ፋብሪካ የሚያመርተውን ዕቃ ሊገዛ አይችልም፤ ገዢ የሌለው ፋብሪካም አይቆምም። የገባሩ መብት፣ እንግዲህ፣ ለፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ነው። አሜሪካኖች ይህን የተገነዘቡት ፋብሪካዎቻቸው ከቆሙ በኋላ ሲሆን፣ ገብረ ሕይወት ግን አንድ እንኳ ታላቅ ፋብሪካ በሌለበት አገር ጻፈው።

የአራዳ ሰዎች አሜሪካን በመጽሐፍ ብቻ አላወቋትም። እ.ኤ.አ. በ1919 በደጃዝማች ናደው አባ ወሎ የተመራውና ከንቲባ ገብሩ ደስታንና ኅሩይ ወልደ ሥላሴን የያዘው መልእክተኛ ቡድን ወደ አሜሪካ ተጉዞ ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰንን አነጋገረ። በዚያው ዓመት አሜሪካ በብርቱ ትናወጥ ነበር፤ በቺካጎና በሌሎች ከተሞች በጥቁሮች ላይ ደም የፈሰሰባቸው ሁከቶች ተነሡ፤ በመስከረም ወር ደግሞ ከ300,000 በላይ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ሐኪም ወርቅነህም እ.ኤ.አ. በ1927 ተጉዘው በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ስለ መሥራት ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የኒውዮርክ የምሕንድስና ድርጅት ጋር ተነጋገሩ፤ በሃርለም የጥቁር አሜሪካውያንን ማኅበረሰብ ጎብኝተውም ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ግድቡ አልተሠራም። ነገር ግን የግብዣው መንፈስ ገብረ ሕይወት ከጻፈው ጋር አንድ ነው፤ ከማሽኑ በፊት ዕውቀት ያለውን ሰው መፈለግ ነው።

ሁለቱ አገሮች በጣም የሚቀራረቡት በባርነት ጉዳይ ነው፤ ደመወዝ እየከፈሉ ማሠራት የሚጀመረው ሰውን እንደ ዕቃ መያዝ ሲቀር ነውና። አሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቷ ማግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1865 በሕገ መንግሥቷ 13ኛ ማሻሻያ ባርነትን ሻረች፤ መሬት ያላገኘው ነፃ የወጣ ሰው ግን በደቡብ ግዛቶች የሲሶና የእኩል አራሽ ሆኖ በዕዳ ተያዘ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነች በዓመቱ ውስጥ፣ በመጋቢት፣ ባሮች ነፃ የሚወጡበትን ሥርዐት የሚደነግግ አዋጅ አወጣች፤ በ1923 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ተከተለ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በ18 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መታወጁ፣ በየጊዜው የወጣው ቃል ነፃ በሚወጣው ሰው እጅ ሳይሆን በጌታው መልካም ፈቃድና በሹሙ ትጋት ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ያሳያል። ባሪያው ነፃ ሲባል የሚያርሰው መሬት፣ የሚገባበት የደመወዝ ሥራ፣ የሚጠለልበት ቤት አልተዘጋጀለትም ነበርና፣ ብዙው ከጌታው ደጅ ሳይርቅ በሌላ ስም ማገልገሉን ቀጠለ።

ፋብሪካው በስፋት የመጣው አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው። በ1946 ዓ.ም. የሆላንዱ ኤች. ቪ. ኤ. ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። ከ1950 እስከ 1954 ዓ.ም. የተሠራበት የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድም፣ መንግሥት የአገሪቱን ዕድገት ለተወሰኑ ዓመታት አስቀድሞ በቁጥር የሚያቅድበትን ልማድ አስጀመረ። ለዚህ ሁሉ መሐንዲስ ያስፈልግ ነበርና፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው የምሕንድስና ኮሌጅ በኋላ ወደ አምስት ኪሎ ተዛወረ፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዚያ ነው። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ደግሞ በስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በአራት ኪሎ የሳይንስ፣ በአምስት ኪሎ የምሕንድስና፣ በስድስት ኪሎ የሕግና የማኅበራዊ ጥናት ተማሪዎች በአንድ ጎዳና ላይ ተሰለፉ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ የወጡት የዚህ ጎዳና ልጆች ናቸው፤ የገባሩ መብት ከአገር ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው የሚለው የገብረ ሕይወት ሐሳብም ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ አደባባይ ገባ።

ሠራተኛው ግን ተማሪውን አልጠበቀም። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሥራው ምክንያት ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው በአንቀጽ 47 ደንግጎ ነበር፤ ይህን የሚያስፈጽም ዝርዝር ሕግ ስላልወጣ ግን ማኅበር ለማቋቋም የሞከረ ሠራተኛ እንደ አመፀኛ ይታይ ነበር። የወንጂ ሠራተኞች በመረዳጃ ማኅበር ስም ተሰባሰቡ፤ የባቡር ሠራተኞችም ቀደም ብለው ሞክረው ነበር። ዕድርና ዕቁብ ለለመደ ሕዝብ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ለቀብርና ለችግር የሚረዳዳ ሰው ለደመወዝም ሊተባበር ይችላልና። በኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1958 በአሥመራ የተደረገው የሥራ ማቆም አድማ በኃይል ቢበተንም፣ ጥያቄው እየሰፋ ሄደ። በመጨረሻ በነሐሴ 1954 ዓ.ም. መንግሥት የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ አወጣ፤ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የየድርጅቱ ማኅበራት ተባብረው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን፣ በአጭር አጠራሩ ኢሠአማን፣ አቋቋሙ፤ በግንቦት አገሪቱ የመደራጀት መብትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች አጸደቀች፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ድንጋጌው አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸና። የኅብረት ድርድር ማለት እያንዳንዱ ሠራተኛ ብቻውን ከአሠሪው ጋር ከመዋዋል ይልቅ፣ ማኅበሩ በሁሉም ስም ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚዋዋልበት ሥርዐት ነው። አሜሪካ ለዚህ መብት ሙሉ የሕግ ጥበቃ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣው የዋግነር ሕግ ስለ ነበር፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የሕግ ርቀት ከ30 ዓመት አይበልጥም፤ የኢንዱስትሪው ርቀት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ነበር።

አዋጁ ክፍተት አልጠፋውም። የመንግሥት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ከጥበቃው ውጭ ቀሩ፤ ዝቅተኛ ደመወዝም አልተወሰነም። ያም ሆኖ ከቀደሙት ሁሉ አዋጆች የሚለየው አንድ ነገር ነበረው፤ ሕጉን ይዞ ደጅ የሚያንኳኳ፣ ሲጣስም የሚጮኽ፣ መዋጮ እየከፈለ የሚቆም የተደራጀ ሰው ነበረው። የሸማኔው አዋጅና የባሪያው አዋጅ ያጡት ይህንን ነው። ኢሠአማ በአመራሩ ለዘብተኝነት ብዙ ጊዜ ተወቅሷል፤ ከአሜሪካና ከሌሎች የምዕራብ አገሮች የሠራተኛ ማኅበራት ጋር የነበረው ግንኙነትም በተማሪዎች ዘንድ ጥርጣሬ አስነሥቶበት ነበር። ሆኖም የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር፤ ለአራት ቀናት ባቡሩ፣ ፋብሪካውና የከተማው አገልግሎት ቆመ። ሠራተኛው ከጠየቃቸው ነገሮች መካከል የሠራተኛ ሕጉ እንዲሻሻል፣ ጡረታ እንዲጠበቅና ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን የሚሉት ይገኙበታል። መንግሥት ከማኅበሩ ጋር ተፈራርሞ አድማው ቆመ፤ ፈራሚው መንግሥት ግን ዓመት ሳይሞላ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ደርግ ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን ለአራሹ ሰጠ፤ በ1968 ዓ.ም. ኢሠአማን አፍርሶ በዓመቱ በራሱ ቁጥጥር ሥር የዋለ ሌላ ማኅበር አቆመ። ጭሰኛው መሬት ሲያገኝ ሠራተኛው ማኅበሩን አጣ፤ ተሐድሶ በአንድ እጅ ሲሰጥ በሌላው ሲነሣ ከዚህ የበለጠ ጎልቶ የታየበት ጊዜ የለም። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራተኛ ሕጉ በተከታታይ ተሻሽሏል። በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ፣ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በስፌት ማሽን ፊት ተሰልፈው ሲታዩ፣ የሎወል ታሪክ ከ180 ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ምድር ተደገመ ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የእነዚህ ሴቶች መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል መሆኑን ጠቅሶ፣ ብዙዎቹ በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ መሸፈን እንደሚያቅታቸው ገልጿል። በዚያው ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም አዘዘ እንጂ መጠኑን ራሱ አልወሰነም፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ባቡሩን ያቆመው ጥያቄ በ45 ዓመቱ የሕግ አንቀጽ አግኝቶ፣ ቁጥሩ ግን ለሌላ ጊዜ ተቀጠረ።